የአሮጌ ላንድሮቨር ቤንዚን

የአሮጌ ላንድሮቨር የቤንዚን መስመር ሲነደፍ ባለቤቱ ራሱ ሜዳ ላይ በመፍቻና በጨርቅ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። መኪናው በሚያዝያ 1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ፣ ሮቨር በዋናነት ያሰበው ለገበሬ ነበር። 45 ሊትር የሚይዘው ሰልባትዮ ከወንበር ሥር ገባ፤ ቤንዚን ለመቅዳትም ወንበሩን ማንሳት ግድ ሆነ። ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ማጨስ ያኔ ማንንም ያሳሰበ አይመስልም። መቅጃው ወደ ውጭ የወጣው በ1958 ሁለተኛው ሲሪስ ሲመጣ ነው።

በዚህ ሲሪስ ላይ ያለው ፓምፕ ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ በካምሻፍት ይሠራል። ዝገትና ውሃ የሚጠራቀምበት የመስታወት ኩባያ አለው፤ ቆሻሻው ከውጭ ይታያል። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ እጀታ ሞተሩ ሳይነሳ ቤንዚን በእጅ ለመሳብ ታገለግላለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ መቆሙ ነው።

ካርቡራተሩ መጀመሪያ ሶሌክስ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዜኒት ሆነ። የመቀየር አባዜ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የዜኒቱ ክዳን በሙቀት ይጣመማል፤ ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ስትደርቅ ቤንዚን ያለቦታው ያልፋል፣ ሞተሩም በሚኒሞ ይንገጫገጫል። ክዳኑን አስተካክሎ ቀለበቷን መቀየር ሲቻል፣ ብዙው ሰው ካርቡራተሩን ነቅሎ ዌበር ይገዛል። ዌበር 34 ቤንዚን ይቆጥባል፤ ጉሮሮው ጠባብ ስለሆነ ግን ዳገት ላይ ጉልበት ይቀንሳል። ቁጠባው የሚወራውን ያህል የጉልበቱ መቀነስ አይወራም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ካርቡራተር የሚችለው ግፊት ጥቂት ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ለኢንጀክሽን የተሠራ ፓምፕ ከተገጠመለት መርፌው መዝጋት ያቅተውና ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። ደግሞም ሞተሩ ቢጠፋ ቁልፉ እስካልተዘጋ መግፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መኪና ሲጋጭ ወይም የዘይት ግፊት ሲወርድ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ሳይገጠም መተው ከሲጋራው ዘመን ብዙም አይሻልም።

ኢንጀክሽን ራሱ የሚያዋጣው ለደጋ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ኢንጀክሽን በሴንሰር ራሱን ያርማል፤ በምላሹ ከፍተኛ ግፊት የሚችል ቱቦ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሰልባትዮ የሚመልስ መስመር፣ አስተማማኝ ባትሪና ኮምፒውተር የሚገባው መካኒክ ይጠይቃል። ካርቡራተሩን ትቶ መሄድ ለማይፈልግ፣ የቤንዚን ቀዳዳውን በጠበበ መተካት ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ቱቦዎቹ ግን በሁሉም አማራጭ መቀየር አለባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢታኖል ደግሞ ለእነዚህ አሮጌ መኪኖች የጎማ ቱቦ ጠላት ነው፣ ያላላዋል፣ ይሰነጥቀዋል። የሰልባትዮውንም ዝቃጭ አላቆ ወደ ፊልትሮ ይልከዋል። ስለዚህ አዲስ ካርቡራተር ከመግዛት በፊት ሰልባትዮውን አውርዶ ማጠብ፣ ቱቦና ፊልትሮ መቀየር ይቀድማል። ከዚያ በኋላም ሞተሩ ከተንገጫገጨ፣ ያኔ የዜኒቱ ክዳን ይከፈት።