ድልድይ ሲወድቅና አፕ ሲበላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ነው።

«ቲቸር፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ልሞላ ነበር። ግን እርስዎ ክፍል ውስጥ 'እሱ ምኑ ኢንጂነሪንግ ነው? ድልድይ ሲወድቅ ሰው ይሞታል፤ አፕ ሲበላሽ አጥፍቶ ማብራት ነው' ያሉት ትዝ እያለኝ ተቸገርኩ።»

ደነገጥኩ። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ክፍሉን ለማሳቅ ነበር፤ ልጁ ግን ይዞት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስለዚህ እዚሁ በአደባባይ ላርመው።

ልዩነት የለም አልልም። ሲቪል ኢንጂነር ድልድይ ሲነድፍ ከታሰበው ጭነት በላይ ትርፍ አቅም ይጨምርበታል። ኮንክሪቱ ትንሽ ቢደክም ያ ትርፍ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜም ከመውደቁ በፊት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ሰው አይቶ ይሸሻል። ሶፍትዌር ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በተነሳ 40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አየር ላይ ፈነዳ። ለአሪያን 4 የተጻፈ ኮድ በአዲሱ ሮኬት ጉዞ ልክ ሳይፈተሽ ገብቶ ነበር። አዲሱ ፈጣን ስለነበር አንድ ቁጥር ከተዘጋጀለት ቦታ በላይ ሆነ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የራሳችንንስ እንዴት ረሳሁት? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይጫን ነበር። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከሚመጣበት አየር አንጻር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፤ ሶፍትዌሩ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነው። ያ አንዱ ተሳሳተ። ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥም የሆነው ይኸው ነበር።

ልብ በሉ፦ ኮዱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የጠፋው «ይሄ ሴንሰር ቢዋሽስ?» ለሚለው ጥያቄ በቅጡ የሚመልስ ሰው ነው። ለእኔ ኢንጂነር የሚባለው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የማይተኛ ሰው ነው። በእጁ የያዘው ሲሚንቶ ይሁን ኪቦርድ ለውጥ የለውም።

ለልጁ «ሙላው» አልኩት። «ግን አጥፍቶ ማብራት የሚባል ነገር አየር ላይ እንደሌለ አትርሳ።»

ሌሎቻችሁም ያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ እባካችሁ ያንን ቀልድ ከደብተራችሁ ሰርዙልኝ።