ዕቁባችን ለኩሽና ይሁን ለት/ቤት?

እኛ ሐበሾች ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ሰው ትዳር ሳይቀር እናወራለን። ስለ ገንዘባችን ግን ዝም ነው። ዛሬ ይህን ልማድ ልጣስና ቤቴ ውስጥ የገባውን ክርክር ከነቁጥሩ ላጫውታችሁ። ከእናንተ መካከል አሁን በዚሁ ክርክር ውስጥ ያላችሁ አትጠፉም ብዬ ነው።

አስቀድሜ ማንነቴን ልንገራችሁ። የምኖረው ሃክኒ፣ ክላፕተን አካባቢ ሲሆን ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ሴት ልጃችን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ሰባት ሞልቶታል። የምንኖርበት ቤት የካውንስል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በሞርጌጅ ገዛነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በ2024 ክረምት ነው። ዕቁባችን ሃያ አራት ሰው አለው፤ በወር 500 ፓውንድ እንጥላለን። በሰባተኛው ወር ዕጣው ለእኔ ወጣና 12,000 ፓውንድ ተቀበልኩ። ባለቤቴ ይህን ቀን ስትጠብቅ ቆይታለች። የኩሽናችን ቁምሳጥን አንዱ በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል፣ መሳቢያው በገመድ ታስሯል፣ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። አንድ ሠራተኛ አስጠርተን ለኩሽናው 9,600 ፓውንድ ጠየቀን። ከዚያ ሌላ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ወደ ልጄ መኝታ ክፍል ግድግዳ ያንጠባጥባል። ግድግዳው ሻጋታ አብቅሎ ልጅቱ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ለእሱ ደግሞ 3,200 ተባልን። ድምሩ 12,800 ነው። ዕቁቡ ትንሽ ብቻ ነው የሚጎድለው። ባለቤቴ የሴራሚክ ቀለም መምረጥ ጀመረች።

በዚያው ሰሞን የልጄ አስተማሪ ጠርታ አነጋገረችኝ። «ልጅህ ጎበዝ ናት፤ ለአንድ የግል ት/ቤት ትፈተን። የመክፈል አቅም ለሌላቸው በርሰሪ የሚባል የክፍያ ድጋፍ አለ» አለችኝ። እኔም አስተማሪ ነበርኩና ይህ ቃል ከአስተማሪ አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደስታዬን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ አልታወቀኝም።

በርሰሪ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባለው ት/ቤት በ1552 በንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የድሃ ልጆችን ለማሳደግ ነበር። ዛሬ ሆርሻም ከተማ አጠገብ ሆኖ አሁንም ብዙ ልጆችን እንደ ወላጆቻቸው አቅም እያስከፈለ ያስተምራል። መንግሥትም በአንድ ወቅት ገብቶበት ነበር። በ1980 ሁለት አዋጆች ወጡ። አንዱ የካውንስል ተከራይ የሚኖርበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዛ ፈቀደ። ሌላው ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆች በመንግሥት ገንዘብ የግል ት/ቤት እንዲገቡ አደረገ። ሁለተኛው በ1997 ተሰረዘ። እኔ ቤቴን ያገኘሁት በአንደኛው አዋጅ ነው፤ ልጄ የምትገባበት ሁለተኛው በር ግን ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ድጋፉን የሚሰጠው ራሱ ት/ቤቱ ነው፤ ት/ቤቱ ደግሞ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አጥብቆ ይመረምራል።

ቅጹ መጣ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የባልና የሚስት ገቢ፣ የታክስ ወረቀት፣ የባንክ ዝርዝር፣ ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ፣ የቀረው የሞርጌጅ ዕዳ፣ መኪና፣ የዕረፍት ጉዞ፣ በውጭ አገር ያለ ቤትና መሬት፣ በቅርቡ የተደረገ የቤት እድሳት፤ ሁሉንም ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ቤታችሁን ሊያይ ሰው ይመጣል ይላል። እዚህ ላይ ነው ኩሽናውና ት/ቤቱ የተጋጩት።

ለወዳጆቼ አማከርኩ። ምክር እንደሆነ በነፃ ነው። አንዱ፣ «ገንዘቡ ባንክ ሳይታይ ቶሎ ብለህ ኩሽናህን ሥራበት፤ ያለዚያ ሀብታም ትባላለህ» አለኝ። ሌላው፣ «እብድ ነህ? አዲስ ኩሽና ያየ ሰው ድጋፍ ይሰጥሃል? ሻጋታውንም አትንካው፤ ይታይልህ። ሶፋውንና ትልቁን ቴሌቪዥን ለዚያ ቀን ጎረቤት አሳድራቸው» አለ። ሦስተኛው፣ «ዕቁብ የሚሉት ነገር ፈረንጅ አያውቅም፤ በጥሬው ቤት አስቀምጠው። ደብረ ብርሃን ያለችውንም ቦታ ማን ያይብሃል?» አለኝ። ይህች ቦታ ከወንድሜ ጋር በጋራ የያዝናት ናት።

እውነቱን ልናገር፤ ሁለተኛውን ምክር ልቀበል ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ማታ ከባለቤቴ ጋር ሶፋው በበሩ ይወጣ እንደሆነ በሜትር ስንለካ ልጄ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች። ስታዳምጥ ቆይታ ኖሯል። «አባዬ፣ እኛ ድሃ ነን ወይስ ድሃ መምሰል ነው የምንፈልገው?» አለችኝ። ሜትሩ እጄ ላይ ቀረ።

ያን ሌሊት ስነዳ ሁለት ነገር ትዝ አለኝ። አንደኛው አገር ቤት ነው። የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ የሚሄድ ሰው ደህናውን ልብሱን ቤት ትቶ የተቀደደውን ለብሶ ይሄድ ነበር። ያለው የሚመስለው ድሃ ወረቀቱን ያጣል፣ የሌለው የሚመስለው ባለገንዘብ ያገኛል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያጋጠመኝ ነው። ፈተና ላይ ሲኮርጅ የያዝኩትን ልጅ ወረቀቱን ነጥቄ አስወጥቼዋለሁ። ልጁ እያለቀሰ፣ «ቲቸር፣ ሁሉም ይኮርጃል እኮ» ብሎኝ ነበር። የወዳጆቼም ምክር ከዚህ አንድ ቃል አይለይም። ከዚያ ቅጽ ጀርባ ደግሞ ከእኔ የባሰ የተቸገረ የሌላ ሰው ልጅ ተሰልፏል።

በማግስቱ እንደ ሒሳብ አስተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ የገባኝ 12,000 ፓውንዱ ሀብት አለመሆኑ ነው። እስከዚያ ቀን የጣልኩት 3,500 ነው። የቀረው 8,500 ገና አሥራ ሰባት ወር የምከፍለው ዕዳ ነው። ሁለተኛው፣ እድሳት ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ቀላቅለን መጥራታችን ነው። የልጄ ግድግዳ ጤና ነው፤ ድጋፍ ኖረ አልኖረ መሠራት አለበት። የኩሽናው ቁምሳጥን ግን ምቾት ነው፤ ቢዘገይ የሚያስል ሰው የለም። ስለዚህ በ3,200 ፓውንዱ ቧንቧውን አስጠገንን፣ ግድግዳውን አስፋቅን፣ አየር የሚስብ ፋን አስገባን። ከሥራው በፊት ሻጋታውን ፎቶ አንስተን ደረሰኙን ሁሉ አስቀመጥን። ለኩሽናው 40 ፓውንድ የማይሞላ ማጠፊያና ብሎን ገዝቼ በሮቹን ራሴ አሰርኩ። ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ አልፈርድባትም።

ቅጹን እንደዚያው እንዳለ ሞላነው። የደብረ ብርሃኗን ቦታ ጻፍን። ስለ ዕቁቡ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደጣልኩ፣ ስንት እንደተቀበልኩ፣ ስንት እንደቀረብኝ። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊው ፈረሙበት።

ቤቱን ልታይ የመጣችው ሴትዮ ትሑት ሰው ነበረች፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። መታጠቢያ ቤቱ ለምን አዲስ እንደሆነ ጠየቀችን፤ ፎቶውንና ደረሰኙን አሳየናት። ብዙ የጠየቀችው ስለ ዕቁቡ ነው። «ገንዘቡን ተቀብሎ የሚጠፋ የለም?» አለች። ያለ ዋስ ማንም እንደማይቀበል ስነግራት ጻፈች። ሶፋውም ቴሌቪዥኑም ቦታቸው ላይ ነበሩ። ስለ እነሱ አንድ ቃል አልጠየቀችም።

ልጄ ፈተናውን አለፈች። በየካቲት 2025 ደብዳቤ መጣ፤ ት/ቤቱ ከክፍያው ሰባ አምስት በመቶውን ሊሸፍን ተስማምቷል። በዚያች ቀን ቤታችን እልል ተባለ። ማታ ግን እርሳሱን እንደገና አነሳሁ። ክፍያው በዓመት 22,000 ፓውንድ ነው። የእኛ ድርሻ ሩቡ፣ 5,500 ይሆናል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ት/ቤት ክፍያ ላይ ሃያ በመቶ ቫት ስለተጨመረ 6,600 ይሆናል። በወር 550 ፓውንድ ማለት ነው፤ ያውም ዕጣ የማይወጣለት ዕቁብ፣ ለሰባት ዓመት! ክፍያው ሳይጨምር እንኳ 46,200 ፓውንድ ነው። የት/ቤት ልብስና ጉዞ አልተቆጠረም። ድጋፉም በየዓመቱ እንደገና ይመረመራል።

ባለቤቴ፣ «ኩሽናውን ለዘላለም ትቼዋለሁ፤ ትግባ» አለች። እኔም ሁለት ሌሊት ጨምሬ ልንዳ አልኩ። ግን አሁንም በሳምንት ስድሳ ሰዓት እነዳለሁ። ሁለት ሌሊት ስጨምር ልጆቼን መቼ አያለሁ? ከአራት ዓመት በኋላ የታናሽየው ተራ ሲደርስ ምን እለዋለሁ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አቃተን። ዕድሉን መለስነው።

ደግነቱ የመንግሥት ት/ቤት ማመልከቻውን በወቅቱ፣ ከጥቅምት 31 በፊት አስገብተን ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ስለ ሃክኒ ት/ቤቶች የድሮውን ወሬ ብቻ የሰማችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ በ1876 የተከፈተውና ደራሲው ሃሮልድ ፒንተር የተማረበት ሃክኒ ዳውንስ ት/ቤት ወድቆ በ1995 ተዘግቷል። በዚያው መሬት ላይ በ2004 የተከፈተው ሞስበርን አካዳሚ ግን በውጤቱ በመላው አገሪቱ ስሙ የሚነሳ ሆነ። ልጄ አሁን በአካባቢያችን አንድ ነፃ የመንግሥት ት/ቤት ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በአውቶቡስም በነፃ ትሄዳለች።

ትክክል አደረግን? ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ስነዳ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ልጄ መቅረቷን ስነግራት፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ወረቀት ላይ አሳይቻት፣ ገባኝ ብላ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። የዚያን ት/ቤት ቤተ ሙከራ አይታዋለች። አልፎ አልፎ ታነሳዋለች። መልስ አላበጅላትም። ሳል ግን የለባትም። ኩሽናውም እኔ ባሰርኩት ማጠፊያ እንደቆመ አለ፤ የሚቀጥለው ዕቁብ ለእናትየው ነው ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓመት ይህን ቅጽ ለምትሞሉ ካየሁት ልንገራችሁ። ጤና የሚነካውን ጥገና አታዘግዩ፤ ፎቶና ደረሰኝ ይዛችሁ አሠሩ። ለምቾት የሚሆነውን መልሱ እስኪመጣ አቆዩት። ዕቁባችሁን አትደብቁ፤ የጣላችሁትንና የቀረባችሁን ለይታችሁ ጻፉ። ከማመልከታችሁ በፊት ደግሞ ድጋፉ ከሙሉው ቢጎድል በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ ባልና ሚስት ተስማሙ፤ እኛ ያን ቀድመን ብናደርግ ኖሮ ልጃችን ባላለቀሰች ነበር። የመንግሥት ት/ቤቱን ማመልከቻም አትርሱ።

ከሁሉ በላይ ቤታችሁን ለሚመጣው እንግዳ ብላችሁ አታራቁቱት። እንግዳው አንድ ሰዓት አይቶት ይሄዳል፤ ልጆቻችሁ ግን ቤቱ ውስጥ ሆነው ሁሉን ይሰማሉ።