ከፍትፍቱ ፊቱ

ሰው በገዛ ቤቱ ሳለ ምን እንደሚበላ ያስባል እንጂ የት እንደሚበላ አይጨነቅም። ከቤቱ ወጥቶ መንገደኛ በሆነ ጊዜ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይብሳል። ለራሱ ብቻ የሚበላ እንደ ሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ረኀቡን የሚያስታግስለት ማዕድና ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ነገር ግን በሰው አገር ሆኖ የሚያከብረውን ሰው ሊጋብዝ ያሰበ እንደ ሆነ፣ ምግብ ቤት መምረጥ የሆድ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የክብር ጉዳይ ይሆናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎቼ ላቀርብ የፈለግሁት፣ የክብር ግብዣ የሚደረግበት ቤት በምን እንደሚመረጥ በመተማ ቆላ ያየሁትንና ያሰብሁትን ነው።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን መንገደኛ እህል በገንዘብ የሚሸጥበትን ቤት መፈለግ ልማዱ አልነበረም። መሸብኝ ብሎ ደጅ የቆመ ሰው የእግዚአብሔር እንግዳ ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ ሰው በልቶ መክፈልን እንደ ነውር ስለ ቈጠረው ገበያው ቀዝቅዞ እንደ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው በመሄድ፣ በልተው በመክፈል አርአያ እንደ ሆኑ ሲነገር ኖሯል። ሕዝቡ ያፈረው ከምግቡ ሳይሆን ከዋጋው ነበር፤ እንግዳን ማስተናገድ ሒሳብ የሚከፈልበት ሥራ ሊሆን መቻሉ አልዋጥለት ብሎ ነበር። ዛሬ ሁላችንም ለምደነዋል። ሆኖም በከፈልነው ገንዘብ ፈንታ የምንጠብቀው ወጡን ብቻ አይደለም፤ ያን የጥንቱን አቀባበል ጭምር ነው።

በሌላው ዓለምም ሰዎች ለመንገደኛው ችግር መላ ፈልገዋል። ሚሽለን የሚባለው የፈረንሳይ የመኪና ጎማ ፋብሪካ በ1900 እ.ኤ.አ. ለባለ መኪናዎች ያወጣው የመንገድ መምሪያ፣ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልካም ምግብ ላላቸው ቤቶች ኮከብ ይሰጥ ጀመር፤ ሦስት ኮከብ ማለትም ለዚያ ቤት ሲባል ብቻ መንገድ መነሣት ይገባል ማለት ነው። በእኛም አገር በ2007 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን በኮከብ መድቧል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ስለ ወጥ ቤቱ ንጽሕናና ስለ አስተናጋጁ ሥልጠና መንገደኛው አስቀድሞ እንዲያውቅ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ኮከብ ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ተጋባዡ አይናገርም። ተጋባዡን ማወቅ የጋባዡ ፈንታ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ አይከልን እስኪያልፍ ድረስ የደጋውን ነፋስ እየተነፈሰ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቍልቍል ይወርዳል፤ ጤፍና ገብሱ ይቀርና ማሽላ፣ ጥጥና ሰሊጥ ሜዳውን ይሞላዋል፤ የዕጣን ዛፍም በየኮረብታው ላይ ይታያል። ገንዳ ውሃንና ኮኪትን ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዪቱ በዚህ ስም የተጠራችው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በዚያ በወደቁት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መታሰቢያነት ነው። ከእርስዋ ፊት ለፊት ድንበሩን እንደ ተሻገሩ የሱዳን ከተማ ጋላባት አለች።

መተማ ከጦር ሜዳነትዋ በፊትም በኋላም የገበያ አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር የመጡ ተክሩሮች ሰፍረውባት ነበር፤ ቡናና ሰም ከደጋው እየወረደ ከቆላው ጥጥ ጋር ይገናኝባት ነበር። ዛሬም ገበታዋ የገበያዋን ጠባይ ይዞ ይገኛል። የጤፍ እንጀራ ከጎንደር ወርዶ የማሽላ እንጀራ ከቆላው ይቀርባል፤ ከሱዳን በኩል በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል፣ ስስ የማሽላ ቂጣ የሆነው ኪስራ፣ ደርቆ የተፈጨ የባምያ ወጥ፣ ከርከዴና ዝንጅብል የገባበት ቡና ይመጣል። ጉሙዞችም የማሽላ ገንፎአቸውን ይዘው የዚያ ቆላ ነባር ባለቤቶች ናቸው። እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚበላ ነገር አልጠፋም። አስቸጋሪው ነገር አንዱ የሚበላውን ሌላው የማይበላው መሆኑ ነው። ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዐርብ ይጾማል፤ እስላሙ ደግሞ መጠጥ ባለበት ገበታ መቀመጥ አይወድም።

ይህ ነገር እኔን በቅርብ የነካኝ በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በ1987 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለሁ በዚያ ወረዳ መምህር ሆኜ ተልኬ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ወባ ጥሎኝ ነበር። ዘመድ አልነበረኝም። በጎረቤት የሚኖሩ አንድ ሐጂ ከተከራየሁበት ክፍል አንሥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝና 12 ቀን አስታመሙኝ። ባለቤታቸው አዲስ መጥበሻ አስገዝተው፣ ሥጋ ባልነካው በዚያ መጥበሻ ዕንቁላል እየጠበሱ አበሉኝ፤ ረቡዕና ዐርብ ደግሞ ዕንቁላሉን ትተው ምስር ይሠሩልኝ ነበር። እኔ በትኩሳት ስለ ቀኑ እንኳ የማላውቅ ሰው ነበርሁ። ከዳንሁ በኋላ ስለዚህ ባመሰግናቸው፣ «ልጄ፣ ድነህ ስትነሣ ኅሊናህ እንዳይወቅስህ ብዬ ነው» አሉኝ።

ከ23 ዓመት በኋላ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወደ መተማ በወረድሁ ጊዜ፣ ሐጂ በእርጅና ምክንያት ቤታቸውን ሸጠው ገዳሪፍ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ መሰናዳታቸውን ሰማሁ። ከመለያየታችን በፊት በክብር ላበላቸው ቈረጥሁ። ሥራችን እስከ ሐሙስ ማታ ስለሚይዘን፣ ቅዳሜ ማለዳም ስለምንመለስ፣ የቀረን ቀን ዐርብ ብቻ ነበር። ሁለቱ ባልደረቦቼ ጾመኞች ናቸው፤ ሐጂ ከጁምዓ ጸሎት በፊት ምንም አይቀምሱም። ከሐጂ ጋር የሚመጡ ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ እስላም።

ባልደረቦቼ አስቀድመው ያመለከቱኝ በዋናው መንገድ ዳር ያለውን ባለ ፎቅ ሆቴል ነበር። በእውነትም መልካም ቤት ነው፤ ማራገቢያው ይሠራል፣ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል፣ አሳላፊዎቹም ንጹሓን ናቸው። አስተናባሪው ስለ ጥብሱና ስለ ክትፎው በደስታ አስረዳኝ። ቀኑ ዐርብ መሆኑን በነገርሁት ጊዜ ግን ፊቱ ቀዘቀዘና፣ «ጾም ከሆነ ሽሮ አይጠፋም» አለኝ። ለእኔ የክብር ማዕድ የሆነው ለእርሱ የችግር ማዕድ ነበር። ከዚህም በላይ በየጠረጴዛው የቢራ ጠርሙስ ቆሞአል፤ ሐጂን በዚያ መካከል አስቀምጣቸው ዘንድ አልወደድሁም።

ሁለተኛው በድንበሩ አጠገብ ያለ የሱዳን ምግብ ቤት ነው። ፉሉ በከተማው የታወቀ ነው፤ ባለቤቱም ትሑት ሰው ነው። ነገር ግን ሐጂ ለብዙ ዓመት በየማለዳው የሚቀመጡት በዚያ ቤት ነበር። ሰውን በየቀኑ በገንዘቡ የሚበላውን ነገር መልሶ መጋበዝ፣ ምንም ጣዕሙ መልካም ቢሆን፣ ክብር አይሆንም።

ሦስተኛው የአንዲት ጎንደሬ እናት ቤት ነበር። በውጭው ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፤ ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ ከላዩ ሣር ተደርቦበታል፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ቤቶች ይቀዘቅዛል። ግብዣ እንዳለኝ በነገርኋቸው ጊዜ ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ጠየቁኝ «ስንት ናችሁ?» ብለው አልጠየቁኝም።

«መምህር፣ እንግዶቹ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያውስ ሰዓቱ ዘጠኝ ይሁን፤ የሐጂ ጸሎት ያልቃል፣ የእናንተም የጾም ሰዓት ይደርሳል። ጠላውን በዋዜማው ከዚያ ክፍል አወጣዋለሁ። ሥጋ የለም፤ ወተትም የለም፤ ከሁላችሁም እጁን የሚሰበስብ አይኖርም» አሉኝ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ነገር እሳቸው እስትንፋስ በማይሞላ ጊዜ አገኙት። ቤቱ ያን ጊዜ ተመረጠ።

ዐርብ በዘጠኝ ሰዓት ገበታው ቀረበ። ሐጂን ያስታጠቡአቸው ባለቤቲቱ ራሳቸው ናቸው፤ ከሁሉ አስቀድመው በዕድሜ ትልቁን አስታጠቡ። የጤፉ እንጀራ ከማሽላው ጋር ተደርቦ መጣ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የባምያው ወጥ በየወገኑ ተቀመጠ። አይብ ያልገባበት ፉል ከዚያው ከሱዳኑ ቤት አስመጥተው የዚያን ዓመት ሰሊጥ ዘይት አፈሰሱበት። በመካከል የተቀመጠው ግን የሰሊጥ ፍትፍት ነበር። ሰሊጡ በአነስተኛ እሳት ተቈልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦና ተጠልሎ፣ እንጀራው የሚፈተፈተው በዚያ ነው። የንግድ ሰዎች የኢትዮጵያን ሰሊጥ የሁመራ፣ የጎንደርና የወለጋ እያሉ ይለዩታል፤ አብዛኛውም በጆንያ ሆኖ ባሕር ይሻገራል። እኛ በዚያን ቀን የበላነው አዝመራው በተሰበሰበበት ወር፣ በበቀለበት ምድር ላይ ነበር። በምንም ዓይነት ታላቅ ከተማ፣ በምንም ያህል ዋጋ፣ ይህን ትኩስነት የሚያቀርብ ቤት የሚገኝ አይመስለኝም።

ሐጂ ገበታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሥጋ አለመኖሩን፣ መጠጥ አለመኖሩን፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ለመብላት መቅረቡን አስተዋሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ዕንቁላሌን መለስህልኝ» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ስላልገባቸው ሣቁ፤ እኔ ግን ለመመለስ ቃል አጣሁ፤ አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ አጐረስኋቸው። ቡናው በዝንጅብል ተፈልቶ ከተጠጣ በኋላ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ሒሳቡን በስውር ሊከፍሉ ወደ ጓዳ ገብተው ነበር። ባለቤቲቱ፣ «የዛሬው እንግዳ እርስዎ ነዎት» ብለው መለሱአቸው።

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ፣ በዚያችው በመተማ በር ብዙ ሺህ ሕዝብ ሸሽቶ ወደ አገራችን ገብቷል። ከሐጂ ጋር ዳግመኛ አልተገናኘንም፤ ያች የዐርብ ማዕድም የመጨረሻችን ሆና ቀርታለች። ስለዚህም የተመረጠችበት መንገድ ደስ ይለኛል።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ብዙዎቻችን ይህን ቃል የምንረዳው ምግቡ ከቶ ዋጋ እንደሌለው አድርገን ነው። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። በመተማ ያየኋቸው እናት ፍትፍቱንም አሳምረው ሠርተዋል፤ የሠሩት ግን የእንግዳውን ፊት አስቀድመው አስበው ነው። እንግዲህ በሥራ ምክንያት ወደ ልዩ ልዩ ክልልና ወረዳ የምትዘዋወሩ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ በሰው አገር ሆናችሁ የምታከብሩትን ሰው ለመጋበዝ ባሰባችሁ ጊዜ፣ ወደ ቤቱ ጌጥና ወደ ዋጋው ዝርዝር ከመመልከታችሁ በፊት ባለቤቱ አስቀድሞ ምን እንደሚጠይቃችሁ አድምጡ። «እንግዶቹ እነማን ናቸው?» ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ሳትጠራጠሩ ግቡ።