ስፌት ያለው ሣር

ሣር ይታጨዳል፤ ለከብት ይሰጣል፤ የቤት ክዳን ይሆናል፤ በዓመት በዓል ቀን ይጎዘጎዛል። የእናቶቻችን እጅ የገባ እንደ ሆነም አክርማውና ስንደዶው ሞሰብ ሆኖ ይሰፋል። ሣርን ከሣር ጋር ሰፍቶ ወለል ማልበስ ግን እስከ 2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ድረስ በሐሳቤ መጥቶብኝ አያውቅም ነበር። በዚያ ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበቴን አንበርክኬ፣ ጣቶቼ በማስቲሽ ተጣብቀው፣ የማይበቅልና የማይደርቅ ሣር ስገጣጥም ሁለት ቀን ዋልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተከራየሁበት ግቢ በመንገዱ ወገን ያለችውን ክፍል አንዲት ልጅ የጀበና ቡና ልትሸጥባት ያዘቻት። ልጅቱን አውቃታለሁ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ተማሪዬ ነበረች፤ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትጠይቅ፣ ደብተሯ ግን ንጹሕ የሆነ። በየካቲት ከክፍል ቀረች። ሁለት ጊዜ አስጠርቼ ብመክራት፣ «መምህር፣ ታናናሾቼን የሚያስተምርልኝ ካገኘሁ እኔም እማራለሁ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ስለዚህ ቤቱን በማሰናዳት እንድረዳት በጠየቀችኝ ጊዜ እሺ ማለትም እንቢ ማለትም እኩል ከበደኝ። ተማሪዬ ከትምህርት የወጣችበትን በር በገዛ እጄ እንደ ማስጌጥ ሆኖ ታየኝ። የሆነ ሆኖ እሺ አልሁ።

የጀበና ቡና ያለ ቄጤማ አይደምቅም። ሚያዝያ ግን በከተማችን ዙሪያ ሜዳው የሚነጣበት ወር ነው፤ ቄጤማው ቢገኝም በማግሥቱ ይጠወልጋል፣ በሦስተኛው ቀን ተጠርጎ ይጣላል። ቡና ሻጭ በየጊዜው ቄጤማ ልግዛ ብትል ትርፏ ሁሉ ወለል ላይ ተበትኖ መቅረቱ ነው። ለዚህም ነው ዛሬ በፍኖተ ሰላም ይሁን በቡሬ፣ በባሕር ዳር ይሁን በአዲስ አበባ፣ ከረከቦቱ ሥር ተነጥፎ የምናየው ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ሣር የሆነው። የልጅቱ እናት የሚኖሩት በቆጋ ነው። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ የተሠራ ነውና፣ «በእኛ አገር በበጋም ከቦዩ ዳር ቄጤማ አይጠፋም» እያለች ትቆጭ ነበር። ግን ቆጋ ሩቅ ነው። ስለዚህ የእቁቧን ገንዘብ ይዛ ወደ ቡሬ ወረደች።

ከመሄዷ በፊት ስንት ልግዛ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ክፍሏ 4 ሜትር በ3 ሜትር ናት። ወረቀት እንኳ ሳላነሣ «12 ካሬ ሜትር» አልኋት። በነጋዴው ሱቅ የነበረው ጥቅል ወርዱ 2 ሜትር ነበርና 4 ሜትር አስቆረጠች፤ ከሌላ ገዢ የተረፉ፣ ርዝመታቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ቁራጮችም በቅናሽ ጨመረላት። 8 እና 2 እና 2፣ አሥራ ሁለት። ሒሳቡ ልክ ነበር። ይህን ያህል ልክ የሆነ ሒሳብ ይህን ያህል ሲያሳፍረኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ትልቁን ቁራጭ በክፍሏ ርዝመት ዘረጋነው። ከግድግዳው ሥር 1 ሜትር ወርድ ያለው ባዶ ወለል ቀረ። ሁለቱን ትናንሽ ቁራጮች አዙሬ፣ ሁለት ሁለት ሜትር የሆነውን ጎናቸውን በግድግዳው ልክ አስተኛኋቸውና ክፍተቱ ጥንቅቅ ብሎ ሞላ። መጋጠሚያውን ከሥር ለመያዝ የማዳበሪያ ከረጢት በቁመቱ ቀድጄ ከጎረቤታችን ጫማ ሰፊ የገዛሁትን ማስቲሽ ቀባሁበት። ማዳበሪያ ማስቲሽ አይዝም፤ ገና ሳይደርቅ ተላጠ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ የአንዱን ቁራጭ ዳር በቀጥታ ከሲሚንቶው ጋር አጣበቅሁት። እርሱስ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ተነሥተን ከበሩ ላይ ሆነን አየነው። ትልቁ ቁራጭ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የግድግዳው ሥር የነጣ ነው። አንድ ገበሬ ማሳውን ከፍሎ ግማሹን በቆሎ፣ ግማሹን ጤፍ የዘራበት ይመስል ነበር። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። «ሌላ ቀለም ሰጥተውኝ ይሆን?» አለች በመጨረሻ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ነጋዴውን ለማማት አፌን ከፍቼ ነበር።

በበረንዳው ላይ በሲንጀር መኪናቸው ልብስ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። የቄሶችን ካባ በመስፋት የታወቁ ናቸው። ዝምታችንን ሰምተው ይሁን ጫጫታችን በመቆሙ ተደንቀው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደ ሰቀሉ መጡ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ትልቁን፣ አንድ ጊዜ ትንሹን ሣር ዳበሱት።

«ልጄ፣ አንተ ከፋይ ሰፍተህ አታውቅም» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«ጋቢ ቢሆን ወዲህም ወዲያም አዙረህ ትገጥመዋለህ። ከፋይ ጠጉር አለው። ግማሹን ካባ ጠጉሩን ወደ ላይ፣ ግማሹን ወደ ጎን አድርገህ ብትሰፋው ቄሱ ከሁለት ሰው የተዋሰው ይመስላል። ይህም ያው ነው። ነጋዴው አልበደላችሁም፤ አንተ ነህ ያዞርኸው።»

እኔም ጎንበስ ብዬ ዳበስሁት። እውነት ነው። የፕላስቲኩ ቅጠሎች ቀጥ ብለው የቆሙ ይመስላሉ እንጂ ሁሉም በጥቅሉ ርዝመት ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያሉ ናቸው። ወደሚያየው ሰው ሲያዘነብሉ ዓይን የሚያገኘው ጫፋቸውንና በመካከላቸው ያለውን ጥላ ነውና ይጠቁራሉ፤ ከሚያየው ሰው ሲሸሹ ግን ብርሃኑ በቅጠሉ ጎን ላይ ስለሚያንጸባርቅ ይነጣሉ። ወደ ጎን ያዘነበለውም የራሱን መልክ ይይዛል። ቀለሙ አንድ ነው፤ አዝማሚያው ነው የተለያየ። መጠን ብቻ ያለውንና መጠንም አቅጣጫም ያለውን ነገር ለይታችሁ ዕወቁ እያልሁ በዚያው ዓመት ስንት ክፍል ፊት ጠመኔ ጨርሻለሁ! ሣሩን ስለካ ግን አቅጣጫ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁት።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። «ቬክተር ያሉን ይህንን ነበር እንዴ?» አለችኝ። ነው አልኋት። «ያን ጊዜም በሣር ቢያስረዱን ኖሮ» አለችና የቀረውን ሳትናገር ተወችው። ማስቲሹን ከጣቴ በምፍቅበት ጊዜ ሁሉ የቀረውን እኔው ስጨርሰው አመሸሁ።

በዚያች ማታ እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ የዚህን ሣር ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ። መጀመሪያ የተነጠፈበት ትልቅ ሥፍራ፣ ለመምህር ደስ እንዲለው፣ ትምህርት ቤት ነው፤ በአሜሪካ በፕሮቪደንስ ከተማ፣ ሞዘስ ብራውን በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። ዝና ያገኘው ግን በሂዩስተን ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው፣ አስትሮዶም የሚባለው ጣሪያ ያለው የስፖርት አዳራሽ እውነተኛ ሣር የተተከለበት ነበር። ከጣሪያው የሚገባው ነጸብራቅ ተጫዋቾቹ ኳሷን እንዳያዩ ስለ ከለከላቸው ጣሪያውን ቀለም ቀቡት፤ ሣሩም ብርሃን አጥቶ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ የሠራው የናይሎን ሣር ተነጠፈበት፤ አስትሮተርፍ የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ አዳራሽ ነው። ቁራጮቹን ያጋጠሟቸው በምን ይመስላችኋል? በዚፕ! እንደ ሱሪ ዚፕ ተቆልፈው ነበር።

ዛሬ ሜዳ ሲነጠፍ ቁራጮቹ በጠንካራ ጨርቅና በሙጫ ይያያዛሉ ወይም በክር ይሰፋሉ። 105 ሜትር በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 4 ሜትር ወርድ ባለው ጥቅል ቢለብስ፣ ስፌቱ በጠቅላላው ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ነጩ መሥመርም እንኳ ብዙ ጊዜ ቀለም አይደለም፤ አረንጓዴው ተቆርጦ ነጭ ሣር የገባበት ነው። ነገር ግን በሜዳ ላይ በቅጠሎቹ መካከል አሸዋና የተፈጨ ጎማ ስለሚፈስስ ብዙ ጉድለት ይሸፈናል። በቡና ቤት ወለል ላይ አሸዋ የለም፤ የሰፊው ጥፋት ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል።

በማግሥቱ የጧት ፈረቃዬን ጨርሼ መጣሁ። መድኃኒቱን ያገኘችው ልጅቱ ናት። እያንዳንዱን ቁራጭ ለሁለት ብንቆርጠው አራት ማዕዘኑ እኩል፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ የሆነ ነገር ደግሞ ወደየትም ቢዞር ልኩ አይለወጥም። ስለዚህ አራቱንም አዙረን ጠጉራቸውን ከትልቁ ጋር አንድ ማድረግ እንችላለን። ስፌቱ ከ5 ሜትር ወደ 7 ሜትር ይበዛል፤ ይሁን እንጂ መልኩ አንድ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጀርባ በጠመኔ ቀስት ሣልሁ።

ችግሩ ትናንት በትዕግሥት ማጣት ከሲሚንቶው ጋር ያጣበቅሁት ነበር። ስስበው ጀርባው ተቀድዶ ቅጠሉ እንደ ዶሮ ላባ ረገፈ። ከአራቱ አንዱ በእጄ ጠፋ። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም። ዋጋውን ልክፈል ብል እንቢ አለች። በእቁብ ገንዘብ የተገዛ ነገር አበላሽቶ ምንም አለመባል ከመሰደብ ይከብዳል።

የቀሩትን ሦስቱን ሽማግሌው እንደ መሩን ሠራን። ሣሩ ከጀርባው በኩል በረድፍ በረድፍ የተሰፋ ነው፤ ምላጩን ማስኬድ ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው፣ በሁለት ረድፍ መካከል ነው። ከፊቱ የቆረጠው ሰው ቅጠሉን ይላጨዋል። የፋብሪካው ዳር ጠጉሩ የሳሳ ስለ ሆነ አንድ ሁለት ረድፍ ተቆርጦ ይጣላል። ሁለቱ ዳሮች ሲቀራረቡ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት በረድፎቹ መካከል ካለው ክፍተት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቢጠብቅ ጉብታ ያወጣል፣ ቢሰፋ እንደ ፍየል መንገድ ሆኖ ይታያል። በማዳበሪያው ፋንታ አሮጌ ሸራ ቀድደን ከሥር አነጠፍን፤ ማስቲሹን በሁለቱም ላይ ቀብተን ጥቂት እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ስናጋጥማቸው ልጅቱ በማበጠሪያ እጀታ ከሥር የተያዙትን ቅጠሎች እየነቀሰች ታወጣ ነበር። የረድፉን አካሄድ የተከተለው ስፌት ቀላል ነው። ረድፉን የሚያቋርጠው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሽማግሌው እርሱን በወፍራም መርፌና በናይሎን ክር ከጀርባው ሰፉት፤ ከዚያ በኋላ በመጥረጊያ ከጠጉሩ ተቃራኒ ጠረግነው። ከግድግዳው ሥር ሁለት ጣት ያህል ጎደለ፤ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠበት።

ከበሩ ሆነን አየነው። አንድ ማሳ ነው። ከማዕዘኑ ያለው 1 ካሬ ሜትር ራቁት ሲሚንቶ ብቻ እንደ ተነቀለ ጥርስ ይታያል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ልጅቱ የከሰል ምድጃዋን አንሥታ እዚያ ላይ አስቀመጠችው።

«ከሰሉን የት ላስቀምጠው አስበው ነበር፣ መምህር?» አለችኝ።

አላሰብሁም ነበር። ይህ ሣር አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊኢቲሊን ይሠራል፤ በ120 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ የሚቀልጥ ነው። አንዲት ፍም ብትወድቅበት ጥቁር ጉድጓድ ታበጅበታለች። ይህንንም ማወቅ የሚገባው የፊዚክስ መምህሩ ነበር።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን ዋለ፤ ቡና ቤቷ በዳግማ ትንሣኤ ተከፈተች። እኔና ሽማግሌው ከሁሉ ቀድመን ተቀመጥን። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድሁት ቡና ለመጠጣት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ገብቶ ስፌቱን ሳያይ ሲቀር ለማየት ነው። ጀበናው ገና ሳይፈላ የልጅቱ እናት ገቡ። ከቆጋ ተነሥተው በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርገው፣ በጀርባቸው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አዝለው ነበር የመጡት። ወለሉን በእግራቸው ጫን አድርገው ሞከሩት። «ምንድን ነው ይህ? አይሸትም እኮ» አሉ። ከዚያም ማዳበሪያውን ፈትተው፣ ገና ውሃ የሚያንጠባጥብ ቄጤማ እየዘገኑ ከዳር እስከ ዳር ጎዘጎዙበት። የከሰሉን ማዕዘን ብቻ አለፉት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ቦይ ዳር ቦይ ዳር ሸተተ።

ሽማግሌው እያዩኝ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ልጅቱም ስኒዎቹን ስትደረድር አንገቷን ደፍታ ትስቅ ነበር። የሁለት ቀን ሥራዬ፣ ከነቀስቱ ከነሸራው፣ ከቄጤማ ሥር ተቀበረ።

ቶናው ሲቀዳ ግን አላስቻለኝም። በጫማዬ ጫፍ ቄጤማውን ገለጥ አድርጌ መጋጠሚያውን ፈለግሁት። አገኘሁት፤ ያገኘሁትም የት እንዳለ ስለማውቅ ነው።