ለተማሪ አስቀድሞ ማደሪያ

ዕውቀት ፈልጎ ከወላጆቹ ቤት የወጣ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ቢሉ፣ አንዱ መጽሐፍ ነው፣ ሁለተኛው መምህር ነው፣ ሦስተኛውም ገንዘብ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ማታ ገብቶ የሚያርፍበት፣ ጧት ታጥቦ የሚወጣበት ማደሪያ ያስፈልገዋል። አባቶቻችን ይህን ነገር ያለ ብዙ ንግግር ያውቁት ነበር። እኔ ግን በሚገባ የተረዳሁት በ2017 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርቴን የመጨረሻ ዓመት በሥራ ላይ ለመለማመድ ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ነው።

አያቴ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቅኔ ለመማር ከመምህር ወደ መምህር በእግራቸው ሲዘዋወሩ፣ ዐዲስ ደብር በደረሱ ቁጥር የመጀመሪያው ጉዳይ የጎጆ ነገር እንደ ነበር ይነግሩን ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ተማሪ የተወው ጎጆ ካለ እርሱን ይይዛሉ፤ ከሌለም ነባሮቹ ተማሪዎች እንጨቱንና ሣሩን አብረው አምጥተው ያቆሙላቸዋል፤ እስኪቆምም ድረስ ከአንዱ ጋር ተዳብለው ያድራሉ። ጎጆዋ ጠባብ ናት፤ መደቧ አፈር ነው፤ በክረምትም ታፈሳለች። ሆኖም ተማሪው ዛሬ የት አድር ይሆን ብሎ ስለማይጨነቅ፣ አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ ሲለምን ውሎ ቢመለስ እንኳ ልቡ በትምህርቱ ላይ ነበር። ለቅኔ ዋሸራን፣ ለድጓ የጋይንትን ቤተ ልሔምን፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባን ፈልጎ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ኑሮው እንዲህ ያለ ነበር። መምህሩ ደመወዝ አይከፍለውም፤ እርሱም ኪራይ አይከፍልም። ነገር ግን ተማሪውን የተቀበለ ቦታ ማደሪያውንም አብሮ ያስብ ነበር።

የዛሬው ትምህርት መልኩ ሌላ ነው። በሕክምና ትምህርት የመጨረሻውን ዓመት የያዘ ተማሪ «ኢንተርን» ይባላል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ጽንስ ክፍሎች በተራ እየተዘዋወረ፣ በነባር ሐኪሞች ሥር ሆኖ በሽተኛ ያያል፤ የሕመሙን ታሪክ ይጽፋል፤ ደም ይቀዳል፤ ተራው ሲደርስም ሌሊቱን በሥራ ያድራል። እንግዲህ ይህ ሰው ተማሪ ቢባልም፣ የሚሠራው ሥራ በወረቀት ላይ የሚቀር ሳይሆን በሰው ገላ ላይ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ኢንተርን እንቅልፍ ቢያጣ ጉዳቱ ለእርሱ ብቻ አይደለም።

የተመደብሁበት ሆስፒታል ለእኛ የሚሆን ማደሪያ አልነበረውም። ይህንም የነገሩን ሥራ ልንጀምር ስድስት ቀን ሲቀረን ነበር። መጀመሪያ ያረፍሁት በኮየ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ በእናቴ አክስት ልጅ ዘንድ ነው። እርስዋና ባለቤትዋ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ለእኔም ማታ ማታ ሳሎኑ ላይ ፍራሽ ይነጠፍልኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረብኝም። ነገር ግን ሆስፒታሉ በከተማው መካከል ስለ ነበር፣ ለጧቱ የበሽተኞች ጉብኝት ለመድረስ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተኩል መነሣት ነበረብኝ። ማታም ልጆቹ ሳይተኙ እኔ መተኛት አልችልም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓመቱን አቋርጬ ወደ ደብረ ማርቆስ ልመለስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኋትም።

ከሥራ የምወጣበትን ጊዜ ሁሉ ለቤት ፍለጋ አዋልሁት። ከደላሎች ጋር ቀበናን፣ ሽሮ ሜዳን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዞርሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ላለች አንዲት ክፍል፣ ውኃው በውጭ፣ መጸዳጃውም የጋራ ሆኖ፣ በወር 7,000 ብር ተጠየቅሁ። የስድስት ወሩንም በአንድ ጊዜ ክፈዪ ስለ ተባልሁ፣ ሲደመር 42,000 ብር ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። በሕጉ ቢሆን ከእኔ የሚጠየቀው ቢበዛ 14,000 ብር ነበር። ይህን ለደላላው ብነግረው፣ «እኅቴ፣ ከኋላሽ አምስት ሰው ቆሟል» አለኝና ስልኩን አውጥቶ ለሌላ ሰው ደወለ። ሕጉ መልካም ነው፤ ቤት ገብቶ ለሚኖር ተከራይ መከታ ይሆነዋል። ገና በር ለሚያንኳኳ ሰው ግን በሩን አይከፍትለትም።

የከተማው የቤት ችግር የትናንት አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለውም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ኋላም በ2005 ዓ.ም. ሕዝቡ ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ግን በከተማው ለሚኖር ቤተሰብ የታሰበ ነው። ለአንድ ዓመት ሥራ ሊለማመድ የሚመጣን ወጣት ያሰበ የለም። እንዲህ ያለው ወጣት የሚወድቀው በደላላና በአከራዩ ፈቃድ ላይ ነው።

ከኪራዩ ይልቅ የከበደኝ ግን የበሩ ሰዓት ነበር። በየቤቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የግቢ በር አይከፈትም ይሉኛል። የሌሊት ተራ አለብኝ ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። አንዲት እመቤት ክፍሏን ካሳዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ክፉ አይምሰልሽ፤ ሌት አድራ ጧት የምትገባ ልጃገረድ በግቢዬ ብትኖር የሰው አፍ አያስቀምጠኝም፤ እኔም ሴቶች ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ነገሩ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ያን ሌሊት እኮ ያደርሁት ምጥ ከያዛቸው እናቶች ጋር ነበር። ሆኖም በእመቤቲቱ አልፈርድም፤ የማያውቁትን ሰው በልጆቻቸው መካከል ማስገባት ለማንም እናት ቀላል አይደለም።

መፍትሔው የመጣው በደላላ አይደለም። አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ነርስ ነገሬን በወርኀዊው ጽዋ ማኅበሯ ላይ አንሥታ ኖሮ፣ ከማኅበርተኞቹ አንዷ የሆኑ ባልቴት በፈረንሳይ ለጋሲዮን ባዶ ክፍል እንዳላቸው ነገሯት። ስሄድ አስቀድመው የጠየቁኝ ስንት እንደምከፍል አልነበረም። «ሥራሽ ምንድን ነው? መቼ መቼ ነው የምትተኚው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲያው የሌሊት ተራሽን በየወሩ በወረቀት ጽፈሽ ስጪኝ፤ ለዘበኛው እነግረዋለሁ። አድረሽ በመጣሽበት ቀንም ልጆቹ ከደጅሽ ራቅ ብለው ይጫወታሉ» አሉ። የእርሳቸውም ቃል ነበራቸው፤ ሳልናገር እንግዳ እንዳላመጣ፣ ውኃ በሚመጣበት ቀን በርሜል በመሙላት ተራዬን እንዳልተው፣ መብራት አብርቼ እንዳልሄድ። ውል ተጻፈ፤ የሁለት ወሩን በባንክ ከፈልሁ። ከጠየቁት 6,500 ብር ግን አንዲት ብር አልቀነሱልኝም።

ይህን መጨረሻውን ነገር ማንሣቴ ባልቴቲቱን ለመንቀፍ አይደለም። ኪራዩ ኑሯቸው ነው፤ ተገቢያቸውንም ተቀበሉ። ምጽዋት አልሰጡኝም፤ የሰጡኝ ለሥራዬ የሚስማማ ሥርዐት ነው። ከሆስፒታሉ እስከ ቤቴ በአንድ ታክሲ እደርስ ነበርና በቀን የሦስት ሰዓት እንቅልፍ አተረፍሁ። ማታ የጻፍሁትን የበሽተኛ ታሪክ ጧት ለአስተማሪዬ ሳቀርብ ወረቀት ማየት አላስፈለገኝም። በጾመ ነቢያት ከሌሊት ተራ ስመለስም አንዳንድ ቀን ሽሮ በድስት ተከድኖ ደጄ ላይ ይቆየኝ ነበር። ዓመቱን ፈጽሜ ልወጣ ስል ከእኔ በኋላ የመጣችውን ኢንተርን ወደ እማማ ወሰድኋት፤ እርሳቸውም ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው ተቀበሏት።

ከዚህ የተነሣ ለሦስት ወገኖች ጥቂት ቃል መናገር እወዳለሁ።

ተለማማጆችን የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ማደሪያ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድመው ቢነግሩ፣ ምንም ወጪ ሳያወጡ ብዙ ወጣት ከጭንቀት ያድናሉ። ሰውየው በእርግጥ የእነርሱ ተለማማጅ መሆኑን የሚገልጥ ደብዳቤ ቢጽፉለት ደግሞ፣ ያ ደብዳቤ ከብዙ ደላላ ይልቅ ይረዳዋል።

ወጣቶች ቤት ስትፈልጉ ኪራዩን ብቻ አትቍጠሩ፤ የታክሲውን ዋጋና የምታጡትን እንቅልፍም አብራችሁ ደምሩ። የሥራችሁን ሰዓት፣ በተለይ የሌሊቱን፣ ውል ሳይጻፍ በፊት በግልጥ ተናገሩ። ተደብቆ የተያዘ ቤት በመጀመሪያው የሌሊት ተራ ይታወቃል። ዘመድ ባይኖራችሁም አጥቢያ አላችሁ፤ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ማን ባዶ ክፍል እንዳለው የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ክፍል የምታከራዩ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ቤታችሁን መጠበቅ መብታችሁ ነው፤ የምትፈሩትንም ነገር በውል ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው። ነገር ግን በር ያንኳኳውን ልጅ ከመመለሳችሁ በፊት ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚያድርና መቼ እንደሚተኛ ጠይቁት፤ ደብዳቤውንም አሳየኝ በሉት። የእናንተም ልጅ ነገ ለሥራ ልምምድ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጅማ ሊመደብ ይችላል። እርሱም በዚያ አገር የማያውቀውን ሰው በር ያንኳኳል።