ጋቢዋን የሰጠችው ተማሪ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጎንደር
ከክፍል ስወጣ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «መምህር፣ ያቺ የዳባቷ ልጅ ነገረ ሥራዋ አላማረኝም» አለች። ካፌ መሄድ ትታለች፤ ቀን ተሸፋፍና ትውላለች፤ ሌሊት ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። ይህን የሚድ ፈተና ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ፕሮክተሯን ያስደነገጣት ግን ልጅቷ ጋቢዋን ለዶርም ጓደኛዋ መስጠቷ ነው። በኅዳር ብርድ ጋቢውን የሚሰጥ የደጋ ልጅ አላውቅም። የሚወዱትን ዕቃ ማደል ሕይወትን ለማጥፋት ከማሰብ ምልክቶች አንዱ እንደሆነ ሐኪሞች ያስተምራሉ። ይህች ሴት ማንም ሳያሠለጥናት ለይታዋለች።

ኅዳር 10
ቢሮዬ ሰው ስለማይጠፋው ከላይብረሪው ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ከክፍል ስለመቅረቷ አላነሳሁም፤ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብዬ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ወጣ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከቤት የሚላክላት ይቋረጣል፤ የወንድሟን ድምፅ ከሰማች ሰንብታለች። «ለእነሱም ሸክም ነኝ» አለች።

ይህን ስትል በቀጥታ ጠየቅኋት፦ «ሕይወቴን ላጥፋ ብለሽ ታስቢያለሽ?» ይህን ጥያቄ የሚፈሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሐሳቡን እናስገባባታለን ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ያሳርፈዋል። እሷም አልቅሳ ስታበቃ «አዎ መምህር» አለችኝ።

ለማንም አልነግርም ብዬ ቃል አልገባሁላትም። «ለሚረዳሽ ባለሙያ እነግራለሁ፤ ከዚያ ውጭ ከአፌ አይወጣም» አልኳት። ስልክ ቁጥር ጽፎ መስጠት ለእንዲህ ያለ ቀን አይበቃም። ጓደኛዋን ጠርተን ሦስታችንም በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተራዋ እስኪደርስ አብሬያት ቆየሁ። ሌሊት ብቻዋን እንዳትሆን ፕሮክተሯና ጓደኛዋ ተነጋገሩ።

ኅዳር 24
የነቢያት ጾም ገብቷል። ከሆስፒታሉ የታዘዘላትን የጠዋት እንክብል «ጾሜን ይፈታብኛል» ብላ ማቆም ፈልጋ ነበር። ጓደኞቿም መድኃኒቱ አልሠራላትም፣ ጸበል ትሂድ ይላሉ። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈልግ ነርሷ ብትነግራቸውም አልተዋጠላቸውም። ነገሩን የፈቱት የነፍስ አባቷ ናቸው፦ «ጸበሉንም ጠጪ ልጄ፣ የሐኪሙንም አታቋርጪ።» የዩኒቨርሲቲያችን የምክር አገልግሎት እንደ እኚህ ካህን ያሉትን አስቀድሞ ቢያውቃቸው ምንኛ በጠቀመ!

ታኅሣሥ 11
ያመለጣት ፈተና በሌላ ቀን ይሰጣት ዘንድ ተስማማን። ለትምህርት ክፍሉ የቀረበው ወረቀት «በሕክምና ላይ ናት» ይላል፤ ዝርዝሩን የጠየቀ የለም፣ መጠየቅም የለበትም።

ታኅሣሥ 30
ገናን ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ዋለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» ብሎ የጎንደርን ነዋሪና ከሩቅ የመጣን ተማሪ እንደ ወላጅና ልጅ ያስተሳሰረበትን ሥራ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። እናቱ ወለጋ ወይም ሲዳማ ያለች ልጅ በበዓል ቀን የሚቀመጥበት መደብ፣ «ብላ እንጂ» የሚለው ሰው አገኘ። አሁን ግን ቤቱ ቅርብ ሆኖ መንገድ ተዘግቶበት መድረስ ያልቻለው የወገራና የዳባት ልጅም ያው እጦት አለበት። ዳባት ከጎንደር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

ጥር 14
ጥምቀት አለፈ፤ ክፍል ሞልቷል። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣለች፤ የሐኪም ቀጠሮዋን አልዘለለችም። ወንድሟም ደውሏል።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒቴሪያኑን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ለተማሪ ጭንቀትም እንዲህ ያለ ቡድን ያስፈልጋል፤ በእኔ እምነት የመጀመሪያዋ አባል ፕሮክተሯ ናት። እሷ፣ የካፌ ሠራተኛዋና የበር ጥበቃው ከመምህሩ ቀድመው ያያሉ፤ ሥልጠና ሲዘጋጅ ግን የሚጠራው መምህሩ ነው። ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው እነሱንም ጥሩ። ያዩትን ሌሊትም ቢሆን ለማን እንደሚነግሩም አሳውቋቸው።