ከጣርማ በር ቁልቁል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃንን ካገኘ በኋላ ወደ ጣርማ በር ያቀናል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ጉም በወረደበት ቀን በቀትርም መብራት ያስበራል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ተራራው ተፈልፍሎ ዋሻ ወጣለት። ዋሻውን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ሲናን ተሻግሮ፣ ጋቢውን አውልቆ፣ ማሾ ወደሚበቅልበት ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል።

ይህ ቁልቁለት መኪናን ይፈትናል። ክብደቱን የሚሸከሙት ሞላና ባሌስትራ ናቸው፤ ዝላያቸውን የሚያበርደው ግን ሾክ አብዞርበር ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ዝላዩን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱ ከፈሰሰ ጎማው ይነጥራል፤ መሬት የለቀቀ ጎማም ለፍሬንና ለመሪ አይታዘዝም።

እኛም ለአያት ተዝካር ከነቤተ ሰባችን ወደ መቀሌ ስንጓዝ፣ ከተገዛ ዓመት ያልሞላው መኪናችን ከዋሻው በታች በፊት በስተቀኝ ይንኳኳ ጀመር። ሕፃናት ይዘን ነበርና በዝግታ ወርደን ሸዋ ሮቢት ከአንድ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ተንበርክኮ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የቀኙ ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል፤ ጉሚኒውም ተበልቷል። የግራው ግን ጠብታ አላፈሰሰም፤ ቸርኬውም የግጭት ምልክት የለበትም» አለን። ቀኑን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትርና ያየውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ፈረመልን። በዚያኑ ዕለት ለሻጩ በስልክ አስታወቅን። ቤተ ሰቡ በአውቶቡስ ወደ መቀሌ ቀጠለ፤ እኛ መኪናውን ይዘን ቀስ እያልን ተመለስን።

ሻጩ፣ «ዋስትናው የፋብሪካን ጉድለት እንጂ መንገድ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም» አለ። እኛም፣ «በዚያ መንገድ ቀኙም ግራውም አብረው ወርደዋል፤ ታዲያ አንዱ ብቻ ስለ ምን አፈሰሰ?» ብለን የመካኒኩን ወረቀት አቀረብን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛልና፣ ዕለቱን መደወላችን ጠቀመን። ከሦስት ሳምንት ክርክር በኋላ ሾክ አብዞርበሩ በዋስትና ተለወጠ። ጉሚኒው ግን «በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ነው» ስለ ተባለ ዋጋውን ከደመወዛችን ከፈልን። ተዝካሩም አለፈን።

እንግዲህ አዲስ መኪና ይዞ በጣርማ በር የሚወርድ ሰው የዋስትናውን ውል ከመኪናው አይለይ። እንግዳ ድምፅ ቢሰማ፣ ዕቃው ሳይፈታ አስመርምሮ ያስጽፍ፤ ከተፈታ በኋላ ማስረዳት ይቸግራልና።